ገጽ አርባ አንድ

ለጎረቤቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለፈው በቆርቆሮ የተቆረጠው ጣትሽ ዳነልሽ? አባትሽ፣ እናትሽ፣ ያ ሰው የማይመርጥ ውሻችሁ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ቤት እማዬ ደህና ናት። አባባም በአካል ደህና ነው። እኔም አለሁ። ይሄን ሁሉ የጠየቅኩሽ ደብዳቤ ሲጻፍ እንደዚህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ናፍቀሽኝ እንዳይመስልሽ። ቅዳሜና እሁድ ተረኛ ነሽ ሲሉኝ ሁለት ቀን ላርፍ ነው ብዬ እፎይ ብያለሁ።

ሦስት ቤት አልፈሽ እየኖርሽ በአፍሽ መናገር አቅቶሽ ነው ወይ ትይኛለሽ። አፌን ታውቂዋለሽ። ሦስተኛው ቃል ላይ ስድብ ይገባበታል። ወረቀት ላይ ግን ስድቡን ጽፌ፣ አንብቤ፣ ደስ ብሎኝ፣ ከዛ መሰረዝ እችላለሁ። እስካሁን አራት ሰርዣለሁ። ጥቁር ጥቁር ያለው ቦታ እሱ ነው፤ መብራት ላይ አንስተሽ ለማንበብ አትሞክሪ።

የምታውቂውንም ጨምሬ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠሽ ያየሽውን ነው። እኔ ኩሽና በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው።

አባባ ሃያ ሁለት ዓመት የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሃምሳ አለቃ ነበር። ሃንጋር፣ የሄሊኮፕተሮቹ መጠገኛ አዳራሽ ውስጥ ሲያስነጥስ አብራሪዎቹ ሳይቀሩ ዞር ይሉ ነበር ይባላል። ከዛ ሲቪሎቹ ጋ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ጥገና ገባ። ምን ሆኖ? ረዳት። የሲቪል ፈቃድ የለህም፣ መጀመሪያ ፈተና እለፍ፣ ከዛ ሃያ ሁለት ዓመት ምን ምን እንደሠራህ በወረቀት አሳየን፣ እስከዛው የዕቃ ጋሪ ግፋ አሉት። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ አለቃው ሆነ። አባባ ደሞ ልማዱ አልለቀቀውም፣ ልጁ በገባ ቁጥር ተረከዙን ገጭ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ቀን ልጁ ሊመታው የመጣ መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ አሉ። ይሄን እኛ ቤት ቁጭ ብለሽ እየሳቅሽ የነገርሽን አንቺ ነሽ። አባባም አብሮሽ ሳቀ፣ ያን በአፍንጫው የሚወጣውን ሳቁን። እኔ ሻዩን የጥገና መጽሐፍሽ ላይ ደፋሁት። አዳልጦኝ ነው ብዬ ነበር። አላዳለጠኝም።

እዚህ ሰፈር ስንገባ መጀመሪያ የመጣሽው ከአባባ የጥገና ሥራ በእጅ ልትማሪ ነበር። የሲቪል አቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበርሽ፣ መጽሐፉን ጠጥተሽዋል፣ ብሎን ግን አይታዘዝሽም ነበር። ጋሼ ይሄን አሳየኝ፣ ጋሼ ያን አሳየኝ። ከዛ ተመረቅሽ፣ አባባ ያለበት ሃንጋር ቴክኒሻን ሆንሽ፣ ነገሩ ተገለበጠና አንቺ አስተማሪ፣ እሱ ተማሪ። እሱ ሥራውን በእጁ ያውቀዋል፣ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ነው ላብ የሚያጠምቀው። በሳምንት አራት ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እኛ ቤት ነሽ። እርሳስሽን ጥርስሽ ላይ ታንኳኪያለሽ። እሱ ብርቱካን ይልጥልሻል። ለኔ ልጦልኝ አያውቅም፤ ጥርስ የላትም እንዴ ብሎ ይወረውርልኛል።

ከዛ በፊት ባትሪ ያዧ እኔ ነበርኩ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ። የሰው የውሃ ፓምፕ ሲሠራ፣ የሰው ጄኔሬተር ሲፈታ፣ ባትሪውን የምይዝለት እኔ ነኝ። ወደ ግራ በይ፣ ከፍ አድርጊ አይለኝም ነበር፤ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ከሱ ቀድሜ አውቃለሁ። አንቺ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ገዛሽለት። ለልደቱ ነው አልሽ። ልደቱን ከየት አመጣሽው? እኔ ልጁ የማላውቀውን። በማግስቱ ፓምፕ ሊሠራ ሲወጣ ጫማዬን አድርጌ ተነሳሁ፣ ግንባሩን ነካ አደረገና አንቺ እረፊ፣ ይሄ አለ አለኝ። ደግ የሠራ መስሎታል።

ትምህርት ተውኩ፣ አዎ። ጭንቅላት እያላት ብለሻል ብላ እማዬ ነግራኛለች፤ ለጭንቅላቴ አመሰግናለሁ። ለምን እንደተውኩ ግን የጠየቀኝ የለም። የፊዚክስ አስተማሪው ስለ ክንፍ ጠየቀ፣ እኔ እጄን አወጣሁ፣ መለስኩ፣ ልክ ነበርኩ። እሱ ደሞ ክፍሉን ለማሳቅ አባቷ አውሮፕላን የሚያውቀው በጋሪ ነው አለ። ዳስተሩ ቅርቤ ነበር፣ ግንባሩን አገኘሁት። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። ባመጣው ያቺ ቃል አባባ ፊት መደገሟ ነው። አላመጣሁም። ለአባባ ሰለቸኝ አልኩት። አንቺም እንዳትነግሪው፤ ከነገርሽው ዳስተር አይጠፋም።

ፈተናውን ያለፈ ቀን አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰማንያ አራት። ወረቀቱን ሁለቴ አየው፣ ስልኩን አወጣ፣ እኔ ክንዴን ለእቅፍ ከፈት አድርጌ ቆሜያለሁ፣ እሱ ላንቺ ደወለ። ልጄ አለፍን አለሽ። አለፍን። እኔ ክንዴን ምን ላድርገው? ልብስ ማስጫው ላይ ያለውን አንሶላ አነሳሁ። ገና እርጥብ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ምግብ አልበላም አለ። አንቺም ነበርሽ። ከአንቺ እኩዮች አንዱ ክንፍ ውስጥ የእጅ ባትሪ ረስቶ፣ ራሱ ትዝ ብሎት ተመልሶ አውጥቶት፣ ማንም ሳያየው ሄዶ ረስቼ ነበር ብሎ ፎርም ሞልቷል። ባለማዳመጫው አለቃም አመሰግናለሁ ብሎት ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። አባባ ይሄን ማመን አቃተው። አመሰግናለሁ ብቻ? አልታሠረም? ደመወዙስ? እያለ ሦስቴ ጠየቀሽ። አንቺ ደሞ እየሳቅሽ፣ አይ ጋሼ፣ እዚህ የተናገረ አይቀጣም፣ የደበቀ ነው የሚቀጣው አልሽው። መዳፉን ገልብጦ ሲያይ ቆየ። እኔ ምግቡን አነሳሁ።

በማግስቱ ያንን ግራጫ ደብተር ከሻንጣ አወጣው። አየር ኃይል የሰጠው ወረቀት እኮ ሃያ ሁለት ዓመት በጥገና አገልግሏል የምትል አንድ መስመር ናት። ሲቪሎቹ ደሞ የቱን ሄሊኮፕተር፣ ምኑን፣ መቼ ይላሉ። ያ ሁሉ ያለው እሱ ለራሱ አልፎ አልፎ የጻፈበት ደብተር ላይ ብቻ ነው። ስልሳ አራት ገጽ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ያለው። ኮምፒውተር ላይ ጻፊልኝ አለሽ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ፣ አንድም ገጽ አትዝለይ፣ አንድም መስመር አትለፊ። ይሄን ሲል ድምፁ ልክ አልነበረም። እኔ ያኔ የቅናት ጆሮ ስለነበረኝ የሰማሁት ላንቺ ብቻ ሊያሳይሽ እንደፈለገ ነው። እኔ አንድ ቀን ያንን ደብተር ስገልጥ እጄን በማስመሪያ ነው የመታኝ።

እስከ ሠላሳ ስምንት ደረስሽ። ሐሙስ ደብተሩ ጠፋ።

የወሰድኩት እኔ ነኝ። የእማዬ የስፌት መኪና ሆድ ውስጥ ነበር፣ አንቺ ከተቀመጥሽበት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ። አሁን ተሳደቢ፤ እኔ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

አባባ ማን ወሰደው አላለም። እነሱ ጋ መሣሪያ ሲጠፋ ማን ተብሎ አይጠየቅም፣ የት ነው የሚባለው፤ እስኪገኝም ሰው ከሃንጋር አይወጣም፣ ሄሊኮፕተሩም አይነሳም። በሩን ቆለፈ። ቤቱን በኖራ ያሰመረ ይመስል አራት ቦታ ከፈለው። መኝታ ቤቱን ለራሱ፣ ሳሎኑን ላንቺ፣ ኩሽናውን ለእማዬ፣ ኮሪደሩን ለኔ። የጨረሰ ጨርሻለሁ ብሎ ወረቀት ላይ ይፈርማል። እማዬ ኩሽና ውስጥ ሆና ይሄ ቤት ነው ሄሊኮፕተር? ወጡ ሊያርር ነው፣ ለሱም ልፈርም? ትላለች። አንቺ ሶፋው ሥር በሆድሽ ተኝተሽ አቧራ እያስነጠሰሽ፣ ቀና ብለሽ አየሽኝና አይዞሽ ይገኛል አልሽኝ። እኔን። እሱን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አፈርኩ፤ ስላፈርኩ ደሞ የበለጠ ጠላሁሽ።

ከዛ ተቀምጠሽ እጅሽን እያራገፍሽ የአባትሽን ነገር አነሳሽ። ስምንት ዓመትሽ ሳለ፣ አባትሽ አየር ኃይል አሥር አለቃ ሳሉ፣ አንድ መፍቻ ሄሊኮፕተር ውስጥ ረስተው ተባረሩ። በሦስት ቀን ውስጥ ከካምፕ ውጡ ተባላችሁ። አልጋችሁ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ስትወጡ ጓደኞችሽ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩሽ ነበር። ይሄው እስከዛሬ አባትሽ ሚኒባስ ይነዳሉ፣ የመኪና ቁልፍ በጠፋቸው ቁጥር እናትሽ አንተ ድሮም ይሏቸዋል። አንቺም መሣሪያሽን ሦስት ሦስቴ የምትቆጥሪው ለዛ ነው። አባቴ አንዴ ባይረሳ ኖሮ አልሽ፣ አልጨረስሽውም። አባባ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይሰማሽ ነበር። ጀርባሽን ሰጥተሽው ስለነበር ፊቱን አላየሽም። እኔ አይቼዋለሁ፣ አልገባኝም እንጂ።

አርብ ጠዋት ሁሉም ሲወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ ደብተሩን አነበብኩት። ሁለታችሁ ብቻችሁን የምታውቁት ምን እንዳለ ለማየት ነው የጓጓሁት። ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ዘንግ፣ ብሎን። ልተወው ስል ገጽ አርባ አንድ ላይ ደረስኩ። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ማክሰኞ። ጠዋት ሁለተኛዋ ሄሊኮፕተር፣ የጭራ ዘንግ፣ ብሎን ማጥበቅ። አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ከአሥር አለቃው ሳጥን ወስጄ እዛው ረሳሁት። ቆጠራ ሙሉ ነው ብዬ ፈረምኩ፣ አልቆጠርኩም። ከሰዓት በፍተሻ ተገኘ። ሳጥኑ የሱ ስለሆነ ተጠየቀ። ዞሮ አየኝ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ።»

ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ነው። ከዛ ረቡዕ ይቀጥላል። ማጣሪያ ማጽዳት፣ ዘይት ለውጥ።

እኔ ምንም አልጨምርበትም። ማንበብ ከኔ ይልቅ አንቺ ትችያለሽ።

መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ግን ልንገርሽ፣ ከዚህ በኋላ ባታናግሪኝም። ደስ አለኝ። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ለካ ብርቱካኑ፣ ልጄ የሚልሽ፣ ለካ ሁሉም ካሳ ነው። ስለሚወድሽ አይደለም ብዬ ሳቅኩ። ከዛ ይሄን ገጽ ብታነቢው ሁለተኛ ቤታችን እንደማትመጪ ገባኝና የበለጠ ደስ አለኝ። ከዛ ደሞ አባባን እንዴት እንደምታይው አሰብኩ። አንቺ እሱን ስታይው የሚያምርበት ነገር አለ፤ ትከሻው ይሰፋል። እሱ ሲቀር ታየኝ። በአባባ ምላጭ ገጹን ቆረጥኩት። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።

ደብተሩን መኝታ ቤት ቁምሳጥን ላይ መለስኩት። እዛ ላይ ነው ሞኝ የሆንኩት። መኝታ ቤቱን የፈተሸው ራሱ ነው፣ ፈርሞበታል። የፈረመበት ቦታ ላይ ዕቃ ከተገኘ ሰው አስቀምጦታል ማለት ነው። ሌላ አባት ቢሆን እሰይ ተገኘ ብሎ ያልፈዋል፤ የኔ ገጹን ቆጠረ።

ከሰዓት ግቢ ውስጥ የሥራ ጫማውን ቀለም እየቀባ ጠራኝ። ማን ቆረጠው አላለኝም። አርባ አንድ የት ነው አለኝ። እኔ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፣ አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ ነው ያመለጠሽ። ዕዳህን በኔ ብርቱካን ነው የምትከፍለው አልኩት። አንድ ቀን ወደሃት አታውቅም፣ ፈርተሃት ነው አልኩት። እሱ ብሩሹን አላቆመም። ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ፣ መጀመሪያ እንደዛ ነበር አለኝ።

እዚህ ሰፈር በገባን በሳምንቱ አባትሽ በራችንን አንኳኩተው ነበር አለ። አባባ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። አባትሽ ስለ መፍቻ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጄ ይሄን ሙያ ወዳለች፣ እጅ አሳይልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም ብለውት ተመለሱ። ስለዚህ አሳየሁ አለ። መጀመሪያ ስትመጣ ቶሎ በሄደች እል ነበር። እየቆየ ግን ጎበዝ ሆነችና ረሳሁት። አሁን ስትመጣ ደስ ይለኛል አለኝ። ይሄን ለኔ ነው የሚነግረኝ፣ ፊት ለፊት።

ታዲያ ለምን አልነገርካትም አልኩት። ሁለት ዓመት ሞከርኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ፣ እየጻፈች ራሷ እንድትደርስበት ብዬ ነበር አለ። ሦስት ገጽ ቀርቷት ነበር።

ገጹን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። እጄ በአየር ላይ ቀረ። የኔ አይደለም አለ፣ ለባለቤቷ ስጪያት። ብትቀድደውስ? ብታቃጥለውስ? አልኩት። ጋሪውን ለምጄዋለሁ አለና ጫማውን አደረገ፣ ገና ሳይደርቅ።

አሁን የምልሽን በደንብ ስሚ። በእጁ ቀናሁ፣ በሳቁ ቀናሁ፣ በስልኩ ቀናሁ። ትናንት ደሞ በምን እንደቀናሁ ታውቂያለሽ? በጥፋቱ። ሰው አባቱን ሲያሳፍር ኖሮ አንድ ቀን አባቱ የሚያፍርበት ነገር ሲያገኝ ቢያንስ ያ የኔ ነው ይላል። እሱም ያንቺ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስብ የኖረው ስላንቺ ቤት ነው። እኔን ለምን ትምህርት እንደተውኩ ለመጠየቅ እንኳን ቦታ አልተረፈውም።

ገጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። አላጠፍኩትም፣ ካርቶን መሃል አድርጌዋለሁ።

የፈቃድ ቢሮው ቀጠሮ ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው። ትናንት ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ስሜን አልነገርኳቸውም። ገጽ የጎደለው ደብተር አይቀበሉም። የተቆረጠ ገጽ ግን ቦታው ተመልሶ ከተለጠፈ፣ የቆረጠው ሰውና ያነበበ አንድ ምስክር ጠርዙ ላይ ከፈረሙበት ይቀበላሉ። የኔን ፈርሜያለሁ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ታገኚዋለሽ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ ይላል። የምስክሩ ቦታ ባዶ ነው።

ፈርሚ አልልሽም። ከኔ ከወጣ ልመና አይመስልም፣ ዛቻ ነው የሚመስለው። እናትሽ ያንን አንተ ድሮም የሚሉትን እንዲተዉ ከፈለግሽ መጀመሪያ ለሳቸው አሳዪያቸው። አባትሽንም ጠይቂያቸው፣ እያወቁ ለምን ዝም አሉ? እኔ ብሆን ካምፑን በጩኸት አፈርሰው ነበር። የሚሉሽን ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል። ባትነግሪኝም አልሞትም።

አባባ ሰኞ በሁለት ሰዓት ከቤት ይወጣል፣ ሞላም ጎደለም። እኔም አብሬው እሄዳለሁ ብዬዋለሁ። ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ ደብተሩን እይዝልሃለሁ አልኩት። እሺ አለኝ።

እጅሽን ከቆርቆሮም ከምላጭም ይጠብቅልሽ። አባትሽን ዕድሜ ይስጥልሽ፣ መንገዱን ቀና ያድርግላቸው። እናትሽንም እንደዛው። ላንቺም፣ ይሄን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው፣ መልካሙን ሁሉ።

ጎረቤትሽ፣
የአባቴ ልጅ